ራስፕቤሪ ፓይ ከቴሌስኮፕ ጋር፦ ኢንተርኔት በሌለበት ተራራ ላይ ሰዓቱን ማን ይነግራታል?

ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አንዳንዱ ፊልም ያይባታል፣ ሌላው ፕሮግራሚንግ ይማርባታል። እኔ የምኖረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ከተማ ሲሆን፣ የእኔዋ ፓይ ሥራዋ የሌሊት ነው፤ ቴሌስኮፕ ላይ ታስራ የከዋክብት ፎቶ ታነሳለች።

ዛሬ የማስረዳችሁ ይህችን ኮምፒውተር መብራትም ኢንተርኔትም ወደሌለበት ቦታ ወስዶ ከርቀት ማዘዝ እንዴት እንደሚቻል ነው። ፕሮግራሞቹን መጫን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ቤት ውስጥ ሳናስተውል የምናገኛቸውን ሦስት ነገሮች ተሸክሞ መውጣት ነው፦ ኔትወርክ፣ ሰዓትና ኤሌክትሪክ። ከሦስቱ ደግሞ ሰዓቱ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለየ ሁኔታ ይመለከተናል።

ለምን ከከተማ መውጣት አስፈለገ?

የከተማ መብራት ሰማዩን ያነጣዋል፤ ደብዛዛ ኔቡላና ጋላክሲም በዚያ ንጣት ውስጥ ይጠፋል። ችግሩ የቆየ ነው። የኦክላንዱ ቻቦት ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1883 ሲቋቋም መሀል ከተማ ነበር። መብራቱና ግርግሩ ሲበዛበት በ1915 ወደ ኮረብታው ሸሸ፤ በ2000 ደግሞ አሁን ወዳለበት ከፍተኛ ቦታ ወጣ። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ፣ ሃሚልተን ተራራ ላይ ከ1888 ጀምሮ የሚሠራው ሊክ ኦብዘርቫቶሪም ከከተማው መብራት ጋር ሲታገል ኖሯል። ሳን ሆዜ ለሊክ ስትል በ1980ዎቹ የመንገድ መብራቷን ዝቅተኛ ግፊት ባለው የሶዲየም አምፖል ተክታ ነበር። ይህ አምፖል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ቢጫ ብርሃን ብቻ ስለሚሰጥ በማጣሪያ ማስቀረት ይቻላል። የኤልኢዲ ብርሃን ግን ብዙ ቀለም የተቀላቀለበት ስለሆነ ለይቶ ማጣራት ይከብዳል።

ስለዚህ ዕቃ ጭኖ መውጣት ነው። ለምሳሌ ሳን ዋን ባውቲስታ አጠገብ ወዳለው ፍሪሞንት ፒክ፣ ወይም ከሞርገን ሂል በስተምሥራቅ ወዳለው ሄንሪ ኮ ፓርክ። ግን ሥራ ለሚውል ሰው፣ ጨረቃም ደመናም የሌለበት ሌሊት ከዕረፍት ቀን ጋር የሚገጥመው በዓመት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ያንን አንድ ሌሊት በኮምፒውተር ጥገና ላለማቃጠል ነው ይህን ሁሉ የምናዘጋጀው።

አእምሮው የት ይቀመጥ?

በፓይ ላይ የሚሠራው ዋናው ነፃ ሶፍትዌር ኢንዲ ይባላል። ካሜራውን፣ የትኩረት ሞተሩንና ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን ማውንት በአንድ ቋንቋ የሚያናግር ሰርቨር ነው። ኬስታርስ ደግሞ የሰማይ ካርታው ነው፤ በውስጡ ያለው ኢኮስ የተባለው ክፍል ደግሞ ፎቶውን በቅደም ተከተል ያስነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አለ። አንደኛው መንገድ ኢንዲን በፓይ ላይ፣ ኢኮስን በላፕቶፕ ላይ ማሠራት ነው። ይህ ለፓይዋ ሥራ ያቀልላታል፤ ግን ዋይፋዩ ከተቋረጠ ወይም ላፕቶፑ ከተኛ ትእዛዝ ሰጪው ጠፋ ማለት ነው፤ የፎቶው ሥራ ይቆማል። ሁለተኛው መንገድ ሁሉንም በፓይዋ ላይ አሠርቶ፣ ስክሪኗን ብቻ በቪኤንሲ ፕሮግራም ከስልክ ወይም ከታብሌት ማየት ነው። እንዲህ ከሆነ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል፤ መልሳችሁ ስትገናኙ የደረሰበትን ታያላችሁ። ለተራራ ሁለተኛውን ምረጡ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ ከብርዱ ስትሸሹ ፓይዋ ያለ እናንተ መሥራት አለባት።

ኔትወርኩን ራሷ ትፍጠረው

ተራራ ላይ የስልክ ኔትወርክ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ፓይዋ የምታውቀው ዋይፋይ ከሌለ የራሷን ሆትስፖት እንድትከፍት አስቀድማችሁ አዘጋጇት። በአዳዲሶቹ የራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ቅጂዎች ይህን የሚሠራው ኔትወርክ ማናጀር ነው፤ በእሱ በተከፈተ ሆትስፖት ላይ የፓይዋ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ 10.42.0.1 ይሆናል። ይህን ቁጥር በሳጥኗ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የዩኤስቢ 3 ገመዶችና ዲስኮች በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ረብሻ ይፈጥራሉ። ካሜራው ሲሠራ ዋይፋዩ የሚደክም ከሆነ ገመዱን ከፓይዋ አርቁ ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ። ለ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ በዋይፋይ ቅንብሩ ውስጥ ያላችሁበትን አገር መምረጥ ያስፈልጋል። ሌላው፣ ኢኮስ ፎቶ አንስቶ ከዋክብቱን ከካታሎግ ጋር በማመሳከር ቴሌስኮፑ የት እንደሚያይ የሚያውቅበት ዘዴ አለው። የሚያመሳክርባቸው የማውጫ ፋይሎች ትልልቅ ስለሆኑ ቤት ሳላችሁ አውርዷቸው።

ሰዓት፦ ዋናው ጉዳይ

ራስፕቤሪ ፓይ 4 እና ከእሷ በፊት የነበሩት በባትሪ የሚሠራ የውስጥ ሰዓት የላቸውም። ቤት ውስጥ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ስለሚወስዱ አይታወቅም። ኢንተርኔት በሌለበት ግን ፓይዋ ስትነሳ መቁጠር የምትጀምረው መጨረሻ ከጠፋችበት ሰዓት ነው። እሑድ ማታ አጥፍታችኋት ቅዳሜ ተራራ ላይ ብታስነሷት፣ ለእሷ ገና እሑድ ማታ ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ ማለትም በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ። በ400 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕና በተለመደ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ የሚታየው የሰማይ ስፋት 3.4 ዲግሪ ገደማ ነው። የአንድ ሰዓት ስሕተት ቴሌስኮፑን ከዒላማው ከአራት ፎቶ ስፋት በላይ ያርቀዋል። በካታሎግ ማመሳከሩ ዒላማውን ሊያገኝላችሁ ይችላል፤ ሰዓቱን ግን አያርምም። ኮከቡ መካከለኛውን የሰማይ መስመር ሲያልፍ ማውንቱ ቴሌስኮፑን ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ አለበት። ይህ የሚሰላው በሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ከዘገየ ካሜራው ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2025 ኦክላንድ ላይ ስልኬ 9 ፒኤም ሲል፣ እኔ በልቤ የምቆጥረው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ብዬ ነው። ፓይዋ 21፡00 ትላለች። የሥነ ፈለክ ሶፍትዌር በሚሠራበት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ደግሞ ዲሴምበር 13፣ 05፡00 ሆኗል፤ ቀኑም ተቀይሯል። አንዲት ቅጽበት አራት ስም አላት ማለት ነው። በዚያ ላይ የካሊፎርኒያ ሰዓት በክረምት ከዩቲሲ 8፣ በበጋ 7 ሰዓት ወደኋላ ይላል። በዚህ መሀል በብርድ የደነዘዘ ጣት «3» ብሎ ቢጽፍ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ሰዓትን በእጅ አትጻፉ። ሦስት መንገዶች አሉ።

1. የዩኤስቢ ጂፒኤስ። ሰዓቱንም ቦታውንም ከሳተላይት ያመጣል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም።
2. ለፓይ 4፣ ዲኤስ3231 የተባለ የሰዓት ሞጁል። በሳንቲም ባትሪ የሚሠራ ሲሆን ስሕተቱ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።
3. ፓይ 5። የሰዓት ቺፑ ከቦርዱ ጋር ይመጣል፤ ትንሿን ባትሪ ግን ለብቻዋ መግዛት አለባችሁ፤ ያለ እሷ ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱም ይጠፋል።

አንዱን የሰዓት ምንጭ ከመረጣችሁ በኋላ በኬስታርስ ቅንብር ውስጥ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ እሱን እንዲከተሉ አድርጉ። ማውንቱ የራሱን ሰዓት፣ ኬስታርስ የራሱን ይዞ እንዳይከራከሩ። ቻቦት ኦብዘርቫቶሪ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዋክብትን እየለካ ለመላው የቤይ ኤሪያ ትክክለኛውን ሰዓት ይሰጥ ነበር። ከዋክብትና ሰዓት ያኔም ዛሬም የሚነጣጠሉ አይደሉም።

ቦታም ቁጥር ነው

ኦክላንድ በሰሜን ኬክሮስ 37.8፣ በምዕራብ ኬንትሮስ 122.3 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ምዕራብ በመሆኑ ኬንትሮሱ የመቀነስ ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱን ከረሳችሁ ፓይዋ ራሷን ቻይና ውስጥ ዌይሃይ ከተማ አካባቢ ታገኛለች። አዲስ አበባ ላላችሁ ግን ኬንትሮሱ 38.7 ምሥራቅ ስለሆነ ምልክት አይፈልግም። እናንተ ዘንድ ሌላ ነገር አለ፦ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከቤትና ከዛፍ ጀርባ ትደበቃለች። በኢኮስ ውስጥ ያለው ማውንቱን ከሰሜን ዋልታ ጋር የማስተካከያ ረዳት ግን ኮከቧ ባትታይም ይሠራል። ከሌላ የሰማይ ክፍል በሚነሱ ፎቶዎች ያሰላዋል።

ባትሪ፦ በሂሳብ እንጂ በግምት አይገዛም

ፓይ 4 ወደ 5 ዋት፣ ማቀዝቀዣ ያለው ካሜራ 15፣ ማውንት 10፣ የጤዛ ማሞቂያ 10 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 40 ዋት ነው። ለ8 ሰዓት 320 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። 12.8 ቮልት፣ 30 አምፒር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 384 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ ይበቃል። የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት እጥፍ ያህል መጠን ይጠይቃል።

ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚቀንሰው መሣሪያ ለፓይ 4 ቢያንስ 3 አምፒር መስጠት አለበት፤ ፓይ 5 እስከ 5 አምፒር ትጠይቃለች። ገመዱ አጭርና ወፍራም ይሁን። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ፓይዋ ስክሪን ላይ የመብረቅ ምልክት ታሳያለች። ያ ምልክት ከመጣ ካሜራው በየመሀሉ ቢጠፋ አይግረማችሁ። ሲነጋ ደግሞ ሶኬቱን ከመንቀላችሁ በፊት በሥርዓቱ ዝጓት፤ አለዚያ ኤስዲ ካርዱ ተበላሽቶ የሌሊቱ ልፋት ሊጠፋ ይችላል።

አማርኛ የቱ ጋ ይጻፋል?

ሊኑክስ የፋይል ስም በፊደላችን ይቀበላል። አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድና በሊኑክስ የስም ገደቡ 255 ባይት ስለሆነ እስከ 85 ፊደል ይፈቀድላችኋል። የሥነ ፈለክ ፎቶ የሚቀመጥበት ፊትስ የተባለው ፎርማት ግን በራስጌው ውስጥ የሚቀበለው የአስኪ ፊደላትን ብቻ ነው። ስለዚህ የዒላማውን ስም ኢኮስ ውስጥ በአማርኛ አትስጡ። ፎልደሩን በዩቲሲ ቀን ሰይሙት፤ የአማርኛ ማስታወሻችሁንና የኢትዮጵያ ቀኑን አጠገቡ በተለየ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ከታዩ የአቢሲኒካ ወይም የኖቶ ኢትዮጲክ ፎንት መጫን ይበቃል።

ከቤት ስትጠቀሙባት

ጓሮ ወይም በረንዳ ላይ ስትሆን ፓይዋ በቤቱ ኢንተርኔት ትገናኛለች፤ ከየትም ሆናችሁ ልታዩዋት ትችላላችሁ። በክረምት ኦክላንድ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ዘመድ ቡናውን እየጠጣ የእኛን የሌሊት ሰማይ ማየት ይችላል። ለዚህ ሲባል ግን የራውተራችሁን በር ለዓለም ክፍት አታድርጉ። እንደ ዋየርጋርድ ባለ ቪፒኤን ግቡ፤ የመጀመሪያውን የይለፍ ቃልም ቀይሩ።

በመጨረሻ፣ ከመውጣታችሁ ከሁለት ቀን በፊት ይህን ፈተና አድርጉ፦ የቤቱን ራውተር አጥፉ፣ ፓይዋን በባትሪ አስነሱ፣ በስልክ በሆትስፖቷ ግቡ፣ ሰዓቷን ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ፣ ከበረንዳ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌስኮፑ የት እንደሚያይ አስለዩ፣ ከዚያ በሥርዓቱ አጥፏት። አንዱ እንኳ ካልሠራ ሱቁም ኢንተርኔቱም ቅርብ ናቸው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ? መልካም ጥርት ያለ ሰማይ ይግጠማችሁ።