የመማጸኛው ገንዳ ወለል፤ አሸዋ ወይስ ጭቃ?

የባሕር ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ መመልከት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ለባለቤቱ ግን ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በባሕር ውስጥ ውሃው ስፍር ቁጥር የሌለው ስለ ሆነ የዓሣው ቆሻሻ ተበትኖ ይጠፋል። በገንዳ ውስጥ ግን ይኸው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ በስብሶ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያም ለዓሣ መርዝ ነው። ደግሞም አንዳንዱ ዓሣ፥ ይልቁንም ማንዳሪን የተባለው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ፥ በሕይወት ያሉ ጥቃቅን ፍጥረቶችን መልቀም እንጂ የደረቀ ምግብ መብላት አብዛኛውን ጊዜ እሺ አይልም። ስለዚህ ውበቱን አይቶ የገዛው ሰው፥ ምግብ ሞልቶ ሳለ ዓሣው በራብ ከስቶ ሲሞት ያያል።

ለእነዚህ ለሁለቱ ችግሮች መድኀኒት ይሆን ዘንድ ከትልቁ ገንዳ ጐን ወይም ሥር አንድ ትንሽ ገንዳ ይሠራል። ውሃውም በፓምፕ ኀይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ይኖራል። ስሙ በላቲን ሬፉጂየም ይባላል፤ ትርጓሜውም መሸሻ ማለት ነው። በኦሪት ሕግ ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሸሽቶ የሚድንባቸው ስድስት የመማጸኛ ከተሞች እንደ ነበሩ ሁላችንም ተምረናል፤ እኛም ይህን ገንዳ መማጸኛ ብንለው ይገባዋል። ዓሣ አይገባበትምና፥ ኮፔፖድ የተባሉት ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ፍጥረቶች በዚያ ተሸሽገው ይራባሉ፤ ጥቂቶቹም በውሃው ተወስደው ለዓሦቹ ምግብ ይሆናሉ። የባሕር አረምም በመብራት ብርሃን እያደገ ናይትሬትና ፎስፌት ከውሃው ይመጥጣል፤ ሲበዛም ታጭዶ ይጣላል።

እንግዲህ የዚህ መማጸኛ ወለል ምን ይልበስ? መልሱ እንደ ባለቤቱ ዓላማ ይለያያል።

1ኛ፤ ባዶ ወለል። ኬቶሞርፋ የተባለው፥ እንደ ተጠቀለለ ክር ያለ አረንጓዴ አረም ሥር ስለሌለው አሸዋ አያስፈልገውም። አረም ብቻ ለማብቀል የሚፈልግ ሰው ወለሉን ባዶ ትቶ ዝቃጩን በቱቦ እየሳበ ቢያወጣ ይበቃዋል።

2ኛ፤ ስስ አሸዋ፥ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር። በዚህ ውስጥ ኦክሲጅን ስለሚገባ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኮፔፖዶችና ጥቃቅን ትሎችም ማደሪያ ያገኛሉ።

3ኛ፤ ጥልቅ አሸዋ፥ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር። ኦክሲጅን ወደ ታችኛው ክፍል አይደርስም። በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ኦክሲጅኑን ከናይትሬቱ ይወስዳሉ፤ የቀረውም ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ዣን ዦቤር የተባሉት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በሞናኮ ያሳዩት ዘዴ በዚሁ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እርሳቸው ግን ከአሸዋው በታች ውሃ ብቻ ያለበት ክፍል ይተዉ ነበር።

4ኛ፤ ጭቃ። ብረትና ሌሎች ማዕድኖች ስላሉበት ሥር ያላቸውን ተክሎች ይመግባል። ነገር ግን እጅግ የላመ በመሆኑ ውሃው በኀይል ቢፈስበት ይደፈርሳል። ከወንዝ ዳር የተዛቀ ጭቃም የእርሻ መድኀኒት ሊኖርበት ስለሚችል አይታመንም።

አሸዋ የመረጠ ሰው የቅንጣቱን መጠን ያስተውል። ለጥልቅ ወለል ከ0.2 እስከ 1 ሚሊሜትር ያለው፥ ማለት ከጤፍ ፍሬ የማይበልጠው ይመረጣል። እንደ ማሽላ ፍሬ የጐላ እንደ ሆነ ግን ቆሻሻው በመካከሉ እየገባ ይበሰብሳል። ዓይነቱን ለማወቅም ጥቂት አሸዋ በብርጭቆ አድርጎ አቼቶ ማፍሰስ ነው። አረፋ ቢያወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ያለበት፥ ከኮራልና ከዛጎል ስብርባሪ የተገኘ ዓይነት ነው፤ ዝም ቢል ግን የሲሊካ አሸዋ ሳይሆን አይቀርም። ሲሊካው መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በጥልቁ ወለል ውስጥ አሲድ ሲበዛ በዝግታ እየሟሟ ለውሃው ካልሲየም ስለሚሰጥ ይበልጣል። የተፈተነው አሸዋ ወደ ገንዳው አይመለስ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። በረግረግ ዳር ጭቃ የቆሰቆሰ ሰው የገማ እንቁላል ሽታ ያውቃል። ይህ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ነው፤ በጥልቅ አሸዋ ሥርም ሊከማች ይችላል። ያረጀን ጥልቅ ወለል በአንድ ቀን የገለበጠ ሰው የብዙ ዓመት ድካሙን በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ወለል እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ጣራው ከተከደነ በኋላ መለወጥ አይመችም። ዓሣው ከመገዛቱ በፊት አሸዋው ይታሰብበት፤ ዓሣው ሲጨነቅ መናገር አይችልምና፥ ለእርሱ አስቀድሞ ማሰብ የባለቤቱ ግዴታ ነው።