የጀማሪ የጎልፍ ዱላዎች፦ ስንት፣ የትኞቹ፣ በምን ልክ?

በአርሲ ደጋ፣ ሮቤም ይሁን አሰላ፣ ላደገ ልጅ ኳስን በዱላ መምታት ለምን ደስ እንደሚል ማስረዳት አያስፈልግም። በገና ሰሞን ጫፉ የተቆለመመ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ሩር የምትባለውን የእንጨት ወይም የቆዳ ኳስ ሲያሳድዱ አይቷል፤ በኦሮሞው ዘንድ ቂሌ የሚባለውን ጨዋታም ያውቀዋል። ዱላውን የሚሰጠው ሱቅ ሳይሆን ጫካው ነው። ልጁ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ይመርጥና ይቆርጣል፤ ከቁመቱ ጋር ያስተያያል፤ ከረዘመበት ያሳጥራል፤ ከከበደው ይጠርባል። የጎልፍ ዱላ ለመግዛት የተነሳ ጀማሪም ከዚህ ልጅ የሚማረው አለ። ዱላው ለሰውየው ይለካል፤ ሰውየው ለዱላው አይለካም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናስተዋውቀው። ጎልፍ ክብደቷ ከ46 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ኳስ በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ በዱላ እየመቱ፣ 10.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወዳለው ጉድጓድ ማስገባት ነው። ሙሉ ጨዋታ 18 ጉድጓድ አለው፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በአገራችን ጎልፍ ይበልጥ የሚታወቀው በአዲስ አበባ ነው። በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት፣ ዛሬ የብሪታኒያ ኤምባሲ በሚገኝበት ሰፊ ግቢ ውስጥም ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለ፤ ይህኛው ግን የኤምባሲ ግቢ በመሆኑ ማንም እንዳሻው ገብቶ የሚጫወትበት አይደለም። እንግዲህ ጎልፍ ያማረው የሮቤ ሰው ዱላውን አንግቦ ወደ አዲስ አበባ ማቅናቱ አይቀርም።

ዛሬ የምናውቀው ጎልፍ መነሻው ስኮትላንድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን ከለከለ፤ ምክንያቱ ወጣቱ በጨዋታ ተጠምዶ የቀስት ልምምዱን ስለተወ ነበር። ነገሩ ከ45 ዓመት በኋላ ተገለበጠ። በ1502 ንጉሥ ጄምስ አራተኛ ፐርዝ ከተማ ከሚገኝ ባለሙያ የጎልፍ ዱላ ገዛ፤ ወጪውም በቤተ መንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ሰፈረ። በጽሑፍ የምናውቀው የመጀመሪያው የጎልፍ ዱላ ግዢ ይህ ነው። ሻጩ ደግሞ ቀስት ሠሪ ነበር! ለቀስት ሲባል የተከለከለው ጨዋታ ዱላውን ከቀስት ሠሪ እጅ አገኘ። ቀስት ሠሪ እንጨት መምረጥ፣ የትኛው እንደሚለጠጥና የትኛው እንደሚሰበር መለየት ስለሚችል ሥራው ለእርሱ እንግዳ አልነበረም።

ለረጅም ዘመን ዘንጉ እንጨት ነበር፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በተለይ ሂኮሪ የሚባለው ጠንካራ የአሜሪካ ዛፍ ተመራጭ ሆነ። የብረት ዘንግ በአሜሪካ በ1924፣ በብሪታኒያ በ1929 ተፈቀደ። በዚያን ጊዜ አንድ ተጫዋች የሚይዘው የዱላ ቁጥር ገደብ አልነበረውም፤ ከ20 በላይ የሚያሸክሙም ነበሩ። ሸክሙ ለከረጢት ተሸካሚዎቹ መከራ ሆኖ ቆይቶ በ1938 የአሜሪካ፣ በዓመቱ ደግሞ የብሪታኒያ ደንብ ቁጥሩን በ14 ገደበው። ገደቡ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። 14 የሚፈቀደው ከፍተኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ የግድ መሟላት ያለበት ይመስለዋል። በ1916 ቺክ ኢቫንስ የአሜሪካን ኦፕን ሲያሸንፍ የያዘው 7 ዱላ ብቻ ነበር፤ ውድድሩን የጨረሰበት 286 ምትም ለ20 ዓመት ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። 7 ዱላ ለሻምፒዮን ከበቃ ለጀማሪ ያንሳል ማለት ይከብዳል።

ማንኛውም ዱላ ሦስት ክፍል አለው፤ እጅ የሚጨብጠው መያዣ፣ ረጅሙ ዘንግ፣ ኳስ የሚመታው ራስ። አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዋናነት የዘንጉ ርዝመትና የራሱ ፊት ወደ ኋላ ጋደል የማለቱ መጠን ናቸው። ይህን ጋደል ማለት ተጫዋቾች ሎፍት ይሉታል፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። ሎፍቱ ሲያንስ ኳሷ ዝቅ ብላ ሩቅ ትጓዛለች፤ ሲበዛ ወደ ላይ ተነሥታ ቅርብ ታርፋለች።

ከሁሉም ረጅሙ ድራይቨር ነው፤ ርዝመቱ 114 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሎፍቱ በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 ዲግሪ። ራሱ ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያዋን ረጅም ምት ለመምታት ያገለግላል። ቀጥለው ፌርዌይ ዉድ የሚባሉት አነስ ያለ ራስ ያላቸው ይመጣሉ። አይረኖች ደግሞ ራሳቸው ስስ ብረት ሲሆን በቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዘንጉ ያጥራል፣ ሎፍቱ ይጨምራል። መካከለኛው 7 ቁጥር ወደ 94 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ዲግሪ ገደማ ሎፍት አለው። ከ3 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች ጀማሪ በቀላሉ አያነሣቸውም፤ ስለዚህ በምትካቸው የዉድና የአይረን ቅልቅል የሆነው ሃይብሪድ ይመከራል። ዌጅ ለአጭር ርቀት ነው። ከዌጆች አንዱ የሆነው ሳንድ ዌጅ ከአሸዋ ጉድጓድ ያወጣል፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዝነኛ ያደረገው ጂን ሳራዘን የታችኛውን ክፍል አወፍሮ ዱላው አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ አደረገ፤ በ1932 የብሪታኒያን ኦፕን ያሸነፈውም ይህንኑ ይዞ ነው።

ፓተር የመጨረሻው ነው፤ ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ኳሷን ግሪን በሚባለው አጭር ሣር ላይ ወደ ጉድጓዱ ያንከባልላል። ብዙ ሰው ገንዘቡን ድራይቨር ላይ ጨርሶ ለፓተር ያገኘውን ይገዛል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ሜዳዎች ሲመዘኑ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት የፓተር ምት ይታሰባል፤ 72 ምት በሚጠይቅ ሜዳ 36ቱ፣ ማለትም ግማሹ፣ የፓተር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ጀማሪ ምን ይያዝ? የኔ ምርጫ ይኸው፦ አንድ 5 ቁጥር ዉድ፣ አንድ 5 ቁጥር ሃይብሪድ፣ 7 እና 9 ቁጥር አይረን፣ ፒቺንግ ዌጅ፣ ሳንድ ዌጅ፣ ፓተር። ድራይቨር የለበትም። በረጅም ዘንግና በትንሽ ሎፍት ቀጥ አድርጎ መምታት ከሁሉ ከባዱ ስለሆነ ጀማሪውን ተስፋ ያስቆርጠዋል። ከሰባቱ ደግሞ ጥሩው መምህር 7 ቁጥሩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከእርሱ ጋር ብቻ ማሳለፍ ይቻላል።

አይረን ሲገዙ የራሱን ጀርባ ገልብጠው ይመልከቱ። ጀርባው ተቦርቡሮ ክብደቱ ወደ ዳር ዳር የወጣ ከሆነ ለጀማሪ የተሠራ ነው፤ ኳሷ ከፊቱ መሐል ፈቀቅ ብላ ብትመታም ራሱ በእጅ ውስጥ ብዙ አይዞርም። ይህን አሠራር ያስፋፋው ፒንግ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው በትውልድ ኖርዌያዊው መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም ነው፤ ጀማሪው ከየትኛውም ፕሮፌሽናል ተጫዋች ይልቅ ባለውለታው እርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጀርባው ልሙጥና ስስ የሆነው ያምራል፤ የተሠራው ግን ለሠለጠነ እጅ ነው።

ወደ ልኩ እንምጣ። ብዙዎቻችን ዱላ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ቁመትን ብቻ ይጠይቃል። ቁመት አይበቃም፤ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች የእጃቸው ርዝመት ይለያያል። ስለዚህ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እጅዎን በጎንዎ ይልቀቁት፤ ሌላ ሰው ከእጅ አንጓዎ መታጠፊያ እስከ ወለሉ በሜትር ይለካ። ውጤቱ ከ86 እስከ 94 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ መደበኛው የወንድ ርዝመት ይስማማዎታል፤ ከዚያ ከራቀ አጠር ወይም ረዘም ያለ ይፈለጋል። የሴቶች ዱላ በአብዛኛው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ለዘመድዎ ቁመትዎንና ይህን ልክ አብረው ይላኩ፤ ግራኝ ከሆኑም አስቀድመው ይናገሩ፤ የግራኝ ዱላ ፊቱ በተቃራኒው ነው።

ዘንጉ ብረት ወይም ግራፋይት ይሆናል። ግራፋይት ቀላል ነው፣ ንዝረቱም አነስተኛ ነው፤ ብረት ከበድ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይቀንሳል። ዘንጉ ላይ የተጻፈች ፊደል የመለጠጡን መጠን ትናገራለች። አር መካከለኛ፣ ኤስ ጠንካራ፣ ኤል የሴቶች ለስላሳው ነው። ወጣት ጎረምሳ ኤስን በኩራት ያነሣል፤ አወራወሩ ፈጣን ካልሆነ ግን ኳሷ አትነሣለትም። መያዣውን ሲጨብጡ የላይኛው እጅዎ መካከለኛና የቀለበት ጣት ጫፎች መዳፍዎን በስሱ ከነኩ ልክ ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች የተለየ ጉዳይ አለ። በዱላ አምራቾች ሠንጠረዥ ላይ የሚታየው ርቀት ለባሕር ወለል አካባቢ የተሰላ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሚገታት ስለሚቀንስ ኳሷ ትረዝማለች። በጨዋታው የታወቀው ስሌት በየ1,000 ጫማ ከመቶ 1.16 ገደማ ይጨምራል፤ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አሰላ ይህ ወደ ከመቶ 9 ይደርሳል። ባሕር ዳርቻ 120 ሜትር የሚሄድ የ7 ቁጥር ምት አሰላ ላይ 130 ሜትር ያልፋል ማለት ነው። ከ2017 እስከ 2020 ታላላቅ ተጫዋቾች ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኘው የሜክሲኮ ሲቲው የቻፑልቴፔክ ሜዳ ሲወዳደሩ እያንዳንዱን ርቀት እንደገና ማስላት ነበረባቸው። አዲስ አበባም በዚያው ከፍታ ላይ ናት። ስስ አየር ኳሷን ወደ ላይ የሚያነሣበት ጉልበትም ያንሰዋል፤ ስለዚህ በደጋ የሚጫወት ሰው ድራይቨር የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ከ9 ዲግሪው ይልቅ 12ቱን ቢመርጥ ይሻለዋል። የጠዋት ብርድ ደግሞ ርቀቱን በመጠኑ ይቀንሳል።

ያገለገለ ዱላ መግዛት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ብልህነት ነው። ዱላውን ነቅነቅ አድርገው ይስሙ፤ ራሱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይተዉት። ዘንጉን ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉት፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ሳይዘል ይሽከረከራል። መያዣው ደርቆ ቢያንሸራትት አያስጨንቅም፤ በጥቂት ወጪ ይቀየራል። አዲስ የወጣ ሞዴል በማይታመን ዋጋ ሲቀርብልዎ ግን ይጠንቀቁ፤ የታዋቂ ስሞች ማስመሰያ በዓለም ገበያ በዝቷል። ቲታኒየም ነው የተባለ የድራይቨር ራስ ማግኔት ከሳበው ሻጩ እውነቱን አልነገረዎትም።

ከሁሉ በፊት ግን ተውሰው ወይም ተከራይተው ይሞክሩ። ከወደዱት ሰባቱን ይግዙ፤ ከያዙት ገንዘብም ለጥቂት ቀን አሠልጣኝ የሚከፍሉትን ይቀንሱ። ድራይቨሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።