ተጎታቹን ቤት ኮረኮንች ላይ ላውጣው?
አላስካ ያለው የዴናሊ አውራ ጎዳና ከፓክሰን እስከ ካንትዌል 217 ኪሎ ሜትር ነው። ከፓክሰን ታንግል ሐይቆች ድረስ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ኮረኮንች ነው ማለት ይቻላል። እዳው ገና ያላለቀ ተጎታች ቤታችንን ይዘን አስፋልቱ ማለቂያ ላይ ቆምን።

መኪናችን ጉልበት አያንሰውም፤ የሚያሰጋው የኋለኛው ነው። ብዙ ተጎታች ቤቶች ባሌስትራ እንጂ ሾክ አብዞርበር የላቸውም። እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተጣጠፈ መንገድ ለሰዓታት ሲያንቀጠቅጣቸው ብሎን ይላላል፣ የውኃ ቱቦ ይላቀቃል፣ አቧራ በየቀዳዳው ይገባል። ሾፌሩ ይህ አይሰማውም፤ ጉዱ የሚታየው ማታ በሩ ሲከፈት ነው። የጎማ ንፋስ መቀነስና ቀስ ብሎ መንዳት ጉዳቱን ያቀልላል እንጂ አያስቀርም።

ባለቤቴ "እዚሁ ይቆየን" አለች። ታንግል ሐይቆች ካምፕ ትተነው፣ ድንኳን ይዘን በመኪናው ብቻ ቀጠልን። ሌሊቱን ግን ዝናቡ አላስተኛንም።