አምስት ዶላር ሊሠራ ወጥቶ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ልጇን ይዛ ከሜሪላንድ መጥታ ነበር። ልጁ አስር ዓመቱ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አላስወጣ ሲለው ከሻንጣው አንድ መጽሐፍ አወጣና “ጋሼ፣ አብረን እናንብብ” አለኝ። (ጋሼ መባልን ገና አልለመድኩትም፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።) መጽሐፉ ዳን ጉትማን በ1997 ያሳተመው “ሆነስ ኤንድ ሚ” ነው፤ “ሆነስና እኔ” እንበለው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ስለ ቤዝቦል የማውቀው ፊልም ላይ ያየሁትን ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ከዚያ ሩጫ ነው። መጽሐፉን ለማንበብ ይኼ በቂ ነው።

ባለታሪኩ ጆ ስቶሻክ የሚባል ልጅ ነው፤ ስቶሽ ይሉታል። አባትና እናቱ ተለያይተዋል፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም። ጎረቤታቸው ሚስ ያንግ የሚባሉ አሮጊት ጣሪያ ሥር የተከማቸውን ዕቃ እንዲያጸዳላቸው በአምስት ዶላር ይቀጥሩታል። ስቶሽ አቧራ ሲያራግፍ አንዲት ትንሽ ካርድ ያገኛል። የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ፎቶ ያለባት።

ካርዷ የደራሲው ፈጠራ አይደለችም። ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ በየሲጋራው ፓኮ ውስጥ የተጫዋቾችን ምስል ይከት ነበር፤ እኛ ልጅ ሆነን ከማስቲካ ውስጥ እንደምናወጣው ማለት ነው። ከ500 በላይ ዓይነት ካርድ ነበረው። የዋግነር ግን ትንሽ እንደታተመ ቆመ። አንዳንዶች “ሕፃናት የእኔን ምስል ፍለጋ ሲጋራ እንዲገዙ አልፈልግም ብሎ ነው” ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሰውዬው ራሱ ሲጋር ያጨስ፣ ትምባሆም ያኝክ ነበርና “ስላልከፈሉት ነው” ባይ ናቸው። ብቻ ዛሬ የሚታወቁት ስልሳ ገደማ ሲሆኑ፣ በ2022 አንዷ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች።

ኢኮኖሚክስ ስንማር እጥረት ዋጋን ይሰቅላል ብለውናል። የምሳሌው እጥረት ሁሌ ከድርቅ ወይ ከፋብሪካ መቆም የሚመጣ ነበር። አንድ ሰው “አይሆንም” በማለቱ የተፈጠረ እጥረት ግን በየትኛውም ሌክቸር አልሰማሁም። ዋጋው ከፍ ሲል የሚመጣውን ጣጣ ደግሞ ከዚሁ ካርድ ታሪክ ማየት ይቻላል። የሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትስኪ ከሸሪኩ ጋር ሆኖ በ1991 አንዷን በ451,000 ዶላር ገዝቶ ነበር። ጠርዟ አዲስ ይመስላል፣ እንከን የላትም ተባለላት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች 2.8 ሚሊዮን ደረሰች። በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው አጫራች ጠርዟን ከርክሞ እንዳሳመራት ፍርድ ቤት ፊት አመነ።

ወደ ስቶሽ ልመለስ። መጀመሪያ የሚመጣለት የእናቱ ችግር ማለቁ ነው። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ይከነክነዋል። የተቀጠረው ቆሻሻ ሊያወጣ ነው፤ ከቆሻሻው መሀል የተገኘው የማን ነው? ካርድ ነጋዴውም ልጅነቱን አይቶ በርካሽ ሊጠቀልልበት ይሞክራል።

እዚህ ጋ የእኛው ልጅ መጽሐፉን ዘጋና “ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ትመልስላቸዋለህ?” አለኝ።

የዚያን ወር ኪራይ አልከፈልኩም። ሁለት ጽሑፍ ሰጥቼ ክፍያው “ነገ፣ ከነገ ወዲያ” እየተባለ ነበር። በልጅ ፊት “አዎ” ማለት ቀላል ነው፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም።

“ግማሹን እሰጣቸዋለሁ” አልኩት።

“ግማሹ ያንተ ነው ያለው ማነው?”

በቃ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት መልስ አልነበረውም። ቀጥል አልኩት።

ስቶሽ ካርዷን እንደያዘ ጣቱን ይነዝረዋል፤ ከዚያ ራሱን 1909 ውስጥ ያገኘዋል። የዚያ ዓመት የዋንጫ ፍልሚያ ፒትስበርግን ከዲትሮይት፣ ዋግነርን ከታይ ኮብ ያገናኘ ነው፤ ፒትስበርግ 4 ለ 3 አሸንፏል። የጨዋታው ትረካ ለእኔ ረዘመብኝ፤ ልጁ ግን እየዘለለ ነው ያነበበው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሚሊዮኖች የምታወጣዋ ወረቀት እዚያ ዘመን የሲጋራ ፓኮ ማሟያ ናት፤ የሚገዛት የለም። ሰውዬው ግን በአካል ስቶሽ ፊት ቆሟል። የጀርመን ስደተኞች ልጅ፣ በአስራ ሁለት ዓመቱ ትምህርት ትቶ ከሰል ማዕድን የገባ፣ ከልጅ ጋር ኳስ የሚቀባበል ሰው። ስቶሽ ካርዷን ሲያይ ዋጋ ነበር የሚታየው፤ ከዚህ በኋላ የሚያውቀው ሰው ፊት ይታየዋል። ከዚያ ወዲያ መሸጡም፣ መደበቁም ይከብዳል። ጉትማን ይህን በስብከት ቢነግረን ኖሮ ልጁ መጽሐፉን አልጋ ሥር ይጥለው ነበር።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ተከታዮችም አሉት፤ በ1999 በወጣው “ጃኪ ኤንድ ሚ” ስቶሽ ወደ 1947 ሄዶ ራሱን ጥቁር ልጅ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጃኪ ሮቢንሰን የደረሰበትን በራሱ ቆዳ ያየዋል። የእኛው ልጅ አሁን እሱን እያነበበ ነው።

እናቱ ስትደውል ስልኩን ይነጥቃታል። ሰላምታም የለ።

“ጋሼ፣ ወሰንክ?”

“እያሰብኩበት ነው” እለዋለሁ።