በእጅ የሚያዝ ኦሲሎስኮፕ እንዴት እንደሚመረጥ፤ በዋድላ ደጋ ለሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች አጭር ማብራሪያ

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ፣ በኮንና በአካባቢዋ በትርፍ ጊዜው ሬዲዮ፣ የሶላር መብራትና የስልክ ቻርጀር የሚጠግን ወጣት፣ በእጅ የሚያዝ ኦሲሎስኮፕ ለመግዛት ሲያስብ ምን ምን ነገር መመልከት እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከአዲስ አበባ ተልኮ ወይም ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ለሥራው የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ መልሶ ለመለወጥ አይመችም። ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ጉዳዩን በሚገባ ማጤን ያሻል።

የነገሩ ጠቃሚነት በቅርብ ዘመን ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ላሊበላን ጨምሮ ብዙ የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት መብራት ተቋርጦባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ አንድ የሶላር ፓነልና አንድ ባትሪ ለቤተ ሰቡ ብርሃንም ናቸው፣ ከሩቅ ዘመድ ጋራ የሚያገናኘው ስልክም ሕይወት ናቸው። በተበላሹ ጊዜ የሚደርስላቸው የሰፈሩ ጠጋኝ ነው።

ሀ) ኦሲሎስኮፕ የሚያሳየው ምንድን ነው?

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ከጊዜ ጋራ እንዴት እንደሚለዋወጥ በመስመር ሥሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። መነሻው ጀርመናዊው ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው የካቶድ ጨረር ቱቦ ነው። የዛሬው ዓይነት ግን ቱቦ የለውም፤ ቮልቴጁን በቁጥር ለውጦ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ያሳያል።

ዋድላ የታወቀ የቅኔ አገር ስለ ሆነ፣ ነገሩን በሰምና ወርቅ መመሰል ይቻላል። ተራው ቴስተር የሚነግረን ሰሙን ነው። ለምሳሌ አንድ የሶላር መቆጣጠሪያ 12 ቮልቱን በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ እያበራና እያጠፋ፣ ግማሹን ጊዜ ብቻ ቢለቀው፣ በዲሲ ላይ የተደረገው ቴስተር 6 ቮልት ያሳያል። ይህን ያየ ጠጋኝ ባትሪው ሞቷል ብሎ ባለቤቱን ለአዲስ ባትሪ ወጪ ሊዳርገው ይችላል። ኦሲሎስኮፑ ግን 12 ቮልቱ ሳይጎድል እየበራና እየጠፋ መሆኑን፣ ማለትም ወርቁን፣ ገልጦ ያሳየዋል።

ለ) በመጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባ፤ የጠጋኙ ሕይወት

በአገራችን ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ነገር ግን 220 የተባለው የአማካይ ዓይነት ቁጥር ነው፤ ማዕበሉ በጫፉ ላይ ወደ 311 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ የመሣሪያው መመሪያ «በ1 እጥፍ 40 ቮልት፣ በ10 እጥፍ 400 ቮልት» ብሎ ቢጽፍ፣ በፕሮቡ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ በስሕተት 1 እጥፍ ላይ ከቀረች መሣሪያው በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። በባትሪ የሚሠራ ኦሲሎስኮፕ ከመሬት ጋራ ስላልተያያዘ ብዙ ሰዎች አደጋ የሌለው ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ የፕሮቡ ጥቁር መቆንጠጫ 220 ቮልት ያለበትን ሽቦ ቢይዝ፣ የመሣሪያው ብረት ሁሉ፣ የሁለተኛው ፕሮብ መቆንጠጫም ጭምር፣ 220 ቮልት ይሆናል። በእርጥብ የአፈር ወለል ላይ ቆሞ ይህን ብረት የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ደግሞም የቻርጀር ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ በባትሪና በሶላር በኩል ያለውን ብቻ ይለካ፤ የሶኬቱን ወገን ለመለካት የሚያስፈልጉት ማግለያ ትራንስፎርመርና ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዲፈረንሻል ፕሮብ ናቸው። መሣሪያውን ቻርጅ እያደረጉ መለካትም አይገባም።

በደጋ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። የብዙ መለኪያዎች የደኅንነት ወሰን የተጻፈው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ድረስ ለሚገኝ ቦታ ነው። ላሊበላ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የዋድላ ደጋ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አየሩ በሳሳ መጠን ከፍተኛ ቮልቴጅን የመለየት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቮልት እስከ ጫፉ መጠቀም ለእኛ አገር አይበጅም።

ሐ) የድግግሞሽ ወሰን

ባንድዊድዝ የሚባለው፣ መሣሪያው እስከ ምን ያህል ፈጣን ማዕበል ድረስ ሊያይ እንደሚችል የሚያመለክት ቁጥር ነው። በዚህ ወሰን ላይ የሚታየው ማዕበል ከእውነተኛው ቁመት 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የተለመደው ደንብ ሊለኩ ከፈለጉት ድግግሞሽ 5 እጥፍ የሚሆን ወሰን መያዝ ነው።

በዚህ ደንብ መሠረት ሥራዎቹን እንመልከት። የኢንቨርተር ማዕበል 50 ሄርዝ ነው፤ በጆሮ የሚሰማ ድምፅም እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ ነው። ለእነዚህና ለተራ የሶላር መቆጣጠሪያ «ዲኤስኦ 138» የሚባለው ተገጣጣሚ ኪት ይበቃል፤ ወሰኑ 200 ኪሎ ሄርዝ ነው፤ ስክሪኑ 2.4 ኢንች ሲሆን በጣት አይታዘዝም። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ውስጣዊ ድግግሞሽ ግን በአብዛኛው 455 ኪሎ ሄርዝ ስለ ሆነ፣ ከ2 ሜጋ ሄርዝ በላይ የሚያይ ያስፈልጋል። የኤፍ ኤም ሬዲዮ 10.7 ሜጋ ሄርዝ ስለሚጠቀም ወደ 50 ሜጋ ሄርዝ ይጠይቃል። የአርዱዊኖ ኡኖ ሰዓት 16 ሜጋ ሄርዝ ነው፤ ይህን በትክክል ለማየት 80 ሜጋ ሄርዝ ያስፈልጋል።

በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት ነው ማለት አይደለም። ለመፈተን አርዱዊኖ 8 ሜጋ ሄርዝ አራት ማዕዘን ማዕበል እንዲያወጣ አድርጎ፣ ፕሮቡን በ10 እጥፍ፣ በአጭር የመሬት ሽቦ ማገናኘት ነው። 100 ሜጋ ሄርዝ ነው የተባለው መሣሪያ ማዕዘኑን አጥፍቶ ድቡልቡል ማዕበል ካሳየ፣ የተባለውን ያህል አያይም።

መ) ናሙናና ማከማቻ

መሣሪያው ማዕበሉን የሚሥለው በሴኮንድ ብዙ ናሙና እየወሰደ ነው። ሁለቱም መስመሮች ሲበሩ ይህ ቁጥር በብዙዎቹ ላይ እኩል ይከፈላል፤ ስለዚህ ሻጩን «በሁለቱም መስመር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ማከማቻውም እንደዚሁ ነው። 1 ሚሊዮን ናሙና የሚይዝ መሣሪያ በሴኮንድ 1 ቢሊዮን ቢወስድ፣ የሚያሳየን የሴኮንድ አንድ ሺኛ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ሴኮንድ ለማየት ከተፈለገ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 1 ሚሊዮን ይወርዳል። መብራቱ ሲበራ ብቻ የሚታየውን ጉድለት የሚፈልግ ጠጋኝ፣ ከፍጥነቱ ይልቅ ማከማቻው ይጠቅመዋል።

ሠ) ባትሪውና በጣት የሚታዘዘው ስክሪን

መሣሪያው በ5 ቮልት ዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ቢሆን ይመረጣል፤ መብራት ቢጠፋ ከሶላር ወይም ከፓወር ባንክ ይሞላልና።

ተች ስክሪን መልካም ነገር ነው፤ ማዕበሉን በሁለት ጣት ዘርግቶ ማየት ሥራ ያቀልላል። ነገር ግን ጉድለት አለው። በደጋው ብርድ ጓንት ያጠለቀ እጅ ወይም እርጥብ ጣት በሚገባ አይታዘዝለትም፤ ጣቱም የሚታየውን መስመር ይሸፍናል። አንድ እጅ ፕሮብ ይዞ ሳለ ዐይንን ከሽቦው ሳያነሡ ሊዳሰስ የሚችለው ቁልፍ እንጂ መስታወት አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ ለማቆምና ለማስኬድ የሚሆን እውነተኛ ቁልፍ ያለው ይሻላል። ደጅ ወጥቶ ፓነል ለሚፈትሽም ሰው፣ ስክሪኑ በፀሐይ ይታይ እንደ ሆነ መፈተን ያስፈልጋል።

ረ) መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሲጠቃለል፣ የአመራረጡ ተራ እንደሚከተለው ነው፤ 1ኛ የሚችለው ቮልትና የጠጋኙ ደኅንነት፣ 2ኛ የድግግሞሽ ወሰን፣ 3ኛ ናሙናና ማከማቻ፣ 4ኛ ባትሪ፣ 5ኛ ስክሪን። ብዙ ገዥ ይህን ተራ ገልብጦ ከስክሪኑ ይጀምራል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይመጣል።

ለጀማሪ፣ የሶላርና የድምፅ ሥራ ብቻ ለሚሠራ፣ ትንሹ ኪት ይበቃዋል፤ እየገጣጠመም ይማርበታል። ሬዲዮና አርዱዊኖ ለሚሠራ ግን ሁለት መስመርና እውነተኛ 100 ሜጋ ሄርዝ ያለው ይሻለዋል። ሚክሲግ የተባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው የታብሌት ዓይነቶች መካከል እንዲህ ያሉ አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለአንድ ወጣት ይከብዳል። ሦስት ወይም አራት ጓደኛሞች ዕቁብ ጥለው አንዱን በጋራ ቢገዙ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ደካማ ከሚገዙ ይልቅ ይጠቀማሉ። መሣሪያው የጋራ ሲሆን ዕውቀቱም የጋራ ይሆናል፤ አንዱ የሶኬቱን ሽቦ በስሕተት ሊነካ ሲል «ተው!» የሚለው ጓደኛም በአጠገቡ ይኖራል።