እርከናዊ ታሪፍና የጋራ ቆጣሪ፦ የኤሌክትሪክ ዋጋ አተማመን በድሬዳዋ

የጋዝ፣ የውሃና የኤሌክትሪክ አቅራቢ ድርጅቶች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። መስመር ለመዘርጋት ከፍተኛ ወጪ ያወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ተጨማሪ አሃድ ለማቅረብ የሚያስፈልገው ወጪ ግን አነስተኛ ነው። ዋጋው ከዚህ ተጨማሪ ወጪ ጋር ብቻ ከተስተካከለ ድርጅቱ የመሠረተ ልማቱን ወጪ መመለስ ያቅተዋል፤ ከአማካይ ወጪ ጋር ከተስተካከለ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተጠቃሚ ከአቅሙ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። እርከናዊ ታሪፍ ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሞክር ስልት ሲሆን፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአሃዱን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።

የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ታሪፍ የተመሠረተው በዚህ ስልት ነው። ከ2011 ዓ.ም. በፊት እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው እርከን ዋጋ 0.273 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው ሦስተኛው እርከን ደግሞ 0.4993 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዙር ተግባራዊ የሆነው ማሻሻያ የመጀመሪያውን እርከን ሳይነካ ሦስተኛውን ወደ 1.625 ብር አሳደገው። በዚህም በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት እጥፍ በታች ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ ሰፍቷል።

ልዩነቱ በሰፋ መጠን የቆጣሪ ጉዳይ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል፤ ታሪፉ የሚለካው የቆጣሪን እንጂ የቤተሰብን ፍጆታ አይደለምና። በድሬዳዋ፣ እንደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ የሚጋሩበት ሁኔታ አለ። ለምሳሌ፣ እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ሦስት ቤተሰቦች የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም ከመጀመሪያው እርከን አያልፉም። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን ፍጆታቸው 120 ስለሚሆን ሦስተኛው እርከን ውስጥ ይገባሉ። በአንጻሩ ብቻውን የሚኖር ባለ ጥሩ ገቢ ሰው ለድሃው የታሰበውን ዝቅተኛ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። የአየር ጠባዩም ጫናውን ያከብደዋል፤ በቆላማዋ ድሬዳዋ ማራገቢያ ቅንጦት አይደለም፣ የእርከኖቹ ወሰን ግን ለደጋውም ለቆላውም አንድ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቆጣሪ የሚጋሩ ቤተሰቦች ወርሃዊውን የአገልግሎት ክፍያ ይካፈላሉ፤ ይህ ቁጠባ ግን የእርከኑን ጭማሪ ላያካክስ ይችላል። መፍትሔው ቆጣሪዎችን መለየት፣ ይህ ካልተቻለም የእርከኖቹን ወሰን በቆጣሪው በሚጠቀሙ ቤተሰቦች ቁጥር ማባዛት ነው። ሁለተኛው አማራጭ ወጪው አነስተኛ ቢሆንም የተጠቃሚዎችን ቁጥር አጋንኖ ለማስመዝገብ በር ስለሚከፍት የቀበሌ ማረጋገጫ ይሻል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ የታሪፍ ማሻሻያ በየደረጃው እየተተገበረ በመሆኑ፣ ድጎማው ለታሰበለት ቤተሰብ መድረሱን የሚፈትሽ ጥናት ጊዜው አሁን ነው።