የሚታጠብ ቀለም

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የሚውለው?» ብዬ ነው። ግድግዳ ላይ ነው? መስታወት ውስጥ ነው? በፖስታ ተይዞ ነው የሚሄደው? ጅማ ከተማ፣ መንደራ ቆጪ ውስጥ ታፔላ፣ የሠርግ ካርድ፣ የምስጋና ወረቀትና የቡና መለያ ስጽፍ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን አስተምራለሁ። ከኢናሜሉ ቆርቆሮና ከመቃ ብዕሬ አጠገብ ደግሞ አሁን የውሃ ቀለም ብሩሽ ማርከር ተደርድሯል። ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ አይተውት ነው የሚመጡት፤ ፊደሉ ሲቀጥንና ሲወፍር፣ እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ሐምራዊው ወደ ሮዝ ሲፈስ። «እንደዚህ አድርግልኝ» ይሉኛል። አደርጋለሁ፤ ግን «የት ነው የሚውለው?» የሚለውን ሳልጠይቅ አልጀምርም።

ዕቃው ራሱ አዲስ አይደለም። የብሩሽ ብዕርን በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ ያቀረበው ኩሬታኬ የተባለው የጃፓን ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1902 በናራ ከተማ ነው፤ ናራ ደግሞ ከጥላሸትና ከእንስሳት ሙጫ የሚሠራ ጥቁር ቀለም ከጥንት ጀምሮ የሚዘጋጅባት ከተማ ናት። እዚህ ላይ ፈገግ እላለሁ፤ የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን የሚያዘጋጁት ከጥላሸት ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ፀሐይ አይበላውም፤ ለዚህ ነው ከመቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ብራና ዛሬም ጥቁር ሆኖ የሚነበበው።

በማርከሩ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው ጥላሸት አይደለም። ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው። ያ የሚያስደንቀው መፍሰስና መደባለቅ የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ነው። ፀሐይ የሚገባበት ካፌ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል መጀመሪያ ሮዙና ሐምራዊው ይሸሻሉ። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሁሉም ይሸሻል፤ ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ በዚህ ምክንያት ማርከሩን «የልጆች ጨዋታ» እያሉ ይንቁታል። እኔ አልስማማም።

የማልስማማበት ምክንያት ከቁርአን ቤት የመጣ ነው። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ማለትም ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጅማ የእስልምና ትምህርት የደመቀባት አገር ነበረች። የቁርአን ልጆች የሚማሩበት ሰሌዳ ሎህ ይባላል። ሎህ ላይ የሚጻፈው ቀለም እንዲታጠብ ሆኖ ነው የሚዘጋጀው፤ ልጁ ትምህርቱን ሲይዝ ሰሌዳው በውሃ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። እዚህ ቀለሙ መልቀቁ ጉድለት አይደለም፤ ካልለቀቀ ነው ሥራው የተበላሸው። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ የሚቆይ ቀለምና የሚታጠብ ቀለም ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ማንም ሎህን ብራና ባለመሆኑ አልከሰሰውም። ማርከሩ የሎህ ወገን ነው። እኛ ነን ከብራና ወገን እንዲሆን የምንለፋው።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚያ ነው። የላቲን ፊደል በብሩሽ ሲጻፍ ትምህርቱ አጭር ነው፦ ወደ ታች ስትወርድ ተጫን፣ ወደ ላይ ስትወጣ አቅልል። ፊደሎቹ የተያያዙ ስለሆኑ እጅ እየወጣና እየወረደ ይሄዳል። ግዕዝ ፊደል ግን ወደ ላይ የሚወጣ መስመር የለውም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ቆሞ ነው የሚጻፈው። በቁም ጽሕፈት እግሩ ወፍሮ አግዳሚው የሚቀጥነው የመቃው አፍ ሰፋ ተደርጎ ስለተቆረጠና በአንድ ማዕዘን ስለሚያዝ ነው፤ ክብደቱን የሚሰጠው ብዕሩ ነው። ብሩሽ ማርከር እንዲህ ያለ አፍ የለውም። ስለዚህ የመቃውን ሥራ እጅ ተክቶ መሥራት አለበት፦ እግሩን ከላይ ተጭኖ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እኩል መውረድ፣ ሳይጎትቱ ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ አግዳሚውን በጫፍ ብቻ መንካት። ልጆቹን በመጀመሪያው ወር ሌላ ነገር አላስጽፋቸውም፤ እግር ብቻ። ይሰለቻሉ። ይሰልቹ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ቀለበቱ ነው። ኀምስ ፊደላት እግር ሥር ትንሽ ቀለበት አላቸው። በእርጥብ ወረቀት ላይ ቀለሙ ሲሰፋ ቀለበቷ ትሞላለች፤ «ቤ» የነበረው «ቢ» ይመስላል። በሠርግ ካርድ ላይ «ቤተሰብ» የሚለው «ቢተሰብ» ሲሆን ማንም «ቀለሙ እንዴት ያምራል» አይልም። ስለዚህ ቀለበቷን ከልማዱ ሰፋ አድርጌ በደረቅ ወረቀት ላይ በጫፍ እጽፋለሁ፤ ውሃውን የማስነካው እግሩን ብቻ ነው። የ«ቡ» ጎን ላይ ያለችውም ጭረት እንዲሁ ናት፤ ከተጫኗት ከፊደሉ አካል ትበልጣለች። እንደ ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደሉን አፍርሰው ሥዕል ማድረግ የሚፈልጉ ጎበዝ ልጆች አሉኝ። የወሰኔ ሸራ እንዲነበብ አይገደድም፤ የሠርግ ካርድ ይገደዳል።

ደግሞ ሁለቱ ፊደላት በአንድ ወረቀት መገናኘታቸው አለ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ ስለሚጻፍ የእኔ ሥራ ግማሹ ቁቤ ነው። «ጅማ» በግዕዝ ሁለት ፊደል ናት፤ በቁቤ አምስት። «ቡና» ሁለት፤ በቁቤ አራት። በአንድ ቁመት ከጻፍኳቸው ቁቤው ይረዝማል፣ ግዕዙ ጥግ ይዞ የተረሳ ይመስላል። ግዕዙን ከፍና ወፈር አድርጌ፣ ቁቤውን ቀጠን አድርጌ አፈሰዋለሁ። አንዳንዱ ጸሐፊ ሁለቱን ለማመሳሰል ግዕዙንም እንደ ላቲን ያያይዘዋል፤ ለእኔ ዓይን ጎርበጥ ይላል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ሲታሽ ይላላጣል። ለውሃ ቀለም የተሠራው 300 ግራም ወረቀት ይችለዋል፣ ዋጋው ግን ለልጆች አይቀመስም። ስለዚህ ልጆቹ ማሟሟቱን ወረቀት ላይ አያደርጉትም፤ ቀለሙን ላስቲክ ላይ ጭረው፣ በእርጥብ ብሩሽ አንስተው ይቀባሉ። ጫፉ ከስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ማርከር ደግሞ ሻካራ ወረቀት ላይ ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ነጠላ ነጠላ ጠጉር ያለው ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

ከአጋሮ በኩል የመጡ አንድ የቡና ነጋዴ በካኪ ከረጢት ላይ ቀይ የቡና ፍሬ እንድስልላቸው ጠየቁኝ።

«ሐጂ፣ ቀዩ እዚህ ላይ ቀይ አይሆንም» አልኳቸው።

«ለምን ልጄ? ቀለሙ ቀይ አይደለም እንዴ?»

«ቀይ ነው፤ ግን እንደ ሻይ ነው፣ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም።»

አላመኑኝም። ከከረጢቱ ጥግ ላይ ሞከርኩላቸው፤ ቀዩ የጡብ መልክ ያዘ፣ ቢጫው ጭራሽ ጠፋ። በመጨረሻ በነጭ ወረቀት ላይ ስዬ እንዲለጠፍ ተስማማን፤ ስሙንና የመጣበትን ቦታ ግን ውሃ በማይለቀው ብዕር ጻፍኩት። ከረጢት ዝናብ ላይ ይጫናል፤ ፍሬው ቢደበዝዝ ሐጂ አይከስሩም፣ ስሙ ቢጠፋ ግን ይከስራሉ።

ቡና ካነሳሁ አይቀር፣ ለልጆቹ ምርጡ ቡናማ ቀለም ከጀበና የተረፈው ነው። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስንስል እንጨቱን በቡና፣ ዛፎቹን በማርከር እናደርጋለን። ሁለት ነገር ብቻ እጠብቃለሁ፦ ስኳር የገባበት ቡና አይሆንም፣ ወረቀቱ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቡናው ወፍሮ ከተቀባና ሳይደርቅ ከታጠፈ ደግሞ በክረምት ይሻግታል። ማርከሩ ከቡናው በፊት ከገባ ይፈሳል፣ ከደረቀ ቡና በላይ ከገባ ግን መስመሩ ይቆማል። ልጆቹ ይህን ከእኔ ቀድመው ነው የሚደርሱበት፤ መሳሳት አይፈሩም።

የምስክር ወረቀት ላይ ግን የሰው ስም በውሃ ማርከር አልጽፍም፤ ተለምኜም አልጽፍም። ጌጡን በማርከር እሠራለሁ፣ ስሙን በጥቁር መቃ።